ብዕር ሲነጥፍ፤ የሳሙኤል ጆንሰን ሕይወትና ለክርስቲያን ጸሐፊዎች የሚሆን ምክር

ለእግዚአብሔር ክብርና ለባልንጀራው ጥቅም የሚጽፍ ሰው ሁሉ፥ ስብከት የሚያዘጋጅም ቢሆን፥ መዝሙር የሚደርስም ቢሆን፥ ለተማሪዎች መጽሐፍ የሚጽፍም ቢሆን፥ አንድ ቀን ሳይደርስበት የማይቀር ፈተና አለ። ይኸውም ወረቀቱ ተዘርግቶ፥ ቀለሙ ተዘጋጅቶ፥ ሐሳቡም በልብ ሳለ እጅ አልታዘዝ የሚልበት ጊዜ ነው። አንድ መስመር ይጽፋል፥ ይሰርዘዋል። ሁለተኛ ይጀምራል፥ ይተወዋል። ከዚያም ተነሥቶ መስኮት ይከፍታል፥ ጓደኛ ፍለጋ ይወጣል፤ ማታ በተመለሰ ጊዜም ወረቀቱን እንደ ተወው ነጭ ሆኖ ያገኘዋል።

በዚህ ፈተና የተያዙ ክርስቲያኖች ብዙ ጊዜ ከሁለት ስሕተት ባንዱ ይወድቃሉ። አንዳንዱ እግዚአብሔር ስጦታውን ወስዶብኛል ብሎ ተስፋ ቈርጦ ብዕሩን ይጥላል። ሌላው ደግሞ መንፈስ እስኪያነሣሣኝ ድረስ እጠብቃለሁ እያለ፥ ስንፍናውን የትዕግሥት ልብስ አልብሶ ዓመታትን ያሳልፋል።

እንግዲህ ለሁለቱም የሚጠቅም ምሳሌ እንዲሆን የሳሙኤል ጆንሰንን ሕይወት እንናገራለን። ይህ ሰው በ18ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር የኖረ ታላቅ ሊቅና እግዚአብሔርን የሚፈራ ክርስቲያን ነበረ። የሥራውን ብዛት ያየ ሰው ያለ ድካም ይጽፍ የነበረ ይመስለዋል፤ እርሱ ግን ለመጻፍ ከመቀመጥ ጋራ እስከ ሽምግልናው ድረስ የታገለ ሰው ነው። ስሙም ለአገራችን አንባቢ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ ራሴላስ ስለ ተባለ የሐበሻ ልዑል የሚናገረውን መጽሐፍ የደረሰው እርሱ ነውና፤ መጽሐፉንም ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

፩. ልጅነቱና የትካዜው መጀመሪያ

ሳሙኤል ጆንሰን ሊችፊልድ በምትባል ከተማ በሴፕቴምበር 18 ቀን 1709 ተወለደ። አባቱ ሚካኤል ጆንሰን መጽሐፍ ሻጭ ነበረ፤ ነገር ግን ንግዱ አልቀናውም። ሕፃኑ ገና በእቅፍ ሳለ አንገትን የሚያሳብጥ ክፉ በሽታ ያዘው። ከበሽታው ቢድንም ጠባሳው በፊቱና ባንገቱ ቀረ፥ የዓይኑም ብርሃን ደከመ። ካደገም በኋላ ሰውነቱ ያለ ፈቃዱ ይወዛወዝ ስለ ነበረ፥ በመጀመሪያ ያየው ሰው ሁሉ ይደነግጥ ነበር። ከአባቱ ሱቅ ያገኘውን መጽሐፍ ግን እያነሣ እንደ ተራበ ሰው ያነብ ነበር።

በ1728 ወደ ኦክስፎርድ ታላቅ ትምህርት ቤት ገባ፤ ነገር ግን ገንዘብ ስላጣ ከዐሥራ ሦስት ወር የበለጠ ሊቈይ አልቻለም። ድኽነቱን ያየ አንድ ሰው አዲስ ጫማ በበሩ ላይ ቢያኖርለት በቍጣ አንሥቶ ወረወረው። በዚያው ወራት ዊልያም ሎው የተባለ ቄስ ስለ እውነተኛ የክርስትና ኑሮ የጻፈውን መጽሐፍ ሊሥቅበት ብሎ ከፈተው። ሊሥቅበት የከፈተው መጽሐፍ ግን ስለ ነፍሱ አጥብቆ እንዲያስብ አስገደደው፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ እምነቱን አልተወም።

በ1729 መጨረሻ ትምህርቱን አቋርጦ ወደ አባቱ ቤት ሲመለስ ከባድ የትካዜ ደዌ ወደቀበት። የከተማውን ሰዓት ቀና ብሎ እያየ፥ ስንት ሰዓት እንደ ሆነ ማወቅ እስኪያቅተው ድረስ ልቡ ደከመ። አእምሮዬን አጣለሁ የሚል ፍርሃት ያዘው። ሐሳቡን በድካም ለማሸነፍ ከሊችፊልድ እስከ በርሚንግሃም በእግሩ ሄዶ ይመለስ ነበር። ይህ ደዌ በልዩ ልዩ ጊዜ እየተመለሰ እድሜውን ሙሉ አስጨነቀው። ስለዚህ ጆንሰን ራሱን ሰነፍ እያለ ብዙ ጊዜ ቢከስም፥ ከክሱ እኩሌታው የበሽታ እንጂ የኃጢአት እንዳልነበረ አንባቢው ያስተውል።

፪. በአልጋ ላይ የተተረጐመው መጽሐፍ

በ1732 ወደ በርሚንግሃም ሄዶ ኤድመንድ ሄክተር ከተባለ የልጅነት ባልንጀራው ጋራ ተቀመጠ። ሄክተር ሐኪም ነበረ። በዚያም ከተማ ቶማስ ዋረን የተባለ መጽሐፍ ሻጭ አንድ ሥራ ሰጠው። በ17ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ወደ ኢትዮጵያ የመጣ ሎቦ የተባለ ፖርቱጋላዊ ካህን የጉዞውን ታሪክ ጽፎ ነበር፤ ለ ግራንድ የተባለ ሰውም ወደ ፈረንሳይኛ መልሶት ነበር። ጆንሰን ይህን መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ ሊተረጕም ተስማማ።

ጥቂት ክፍል ወደ ማተሚያ ቤት ከተላከ በኋላ ግን ሥራው ቆመ። ጆንሰን ከአልጋው አልነሣም አለ። ሄክተር ክብር ታገኛለህ ወይም ታፍራለህ ብሎ አልመከረውም። ይህ መጽሐፍ ሳያልቅ አታሚው ሌላ ሥራ ሊቀበል እንደማይችል፥ ድኻ እንደ ሆነና ቤተ ሰቡም እንደ ተቸገረ ብቻ ነገረው። ጆንሰንም ይህን በሰማ ጊዜ ተነቃ። ከአልጋው እንኳ ሳይወርድ ትልቁን መጽሐፍ በፊቱ ዘርግቶ እያየ በእንግሊዝኛ ይናገር ጀመር፤ ሄክተርም አጠገቡ ተቀምጦ ጻፈ። የተጻፈውን ወደ ማተሚያ ቤት የወሰደው፥ የማረሚያውንም ወረቀት ያየው ሄክተር ነው። መጽሐፉ በ1735 ታተመ፤ የተርጓሚው ዋጋም አምስት ጊኒ ብቻ ነበረ።

በዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እናገኛለን። ጆንሰን ትካዜው እስኪለቀው አልጠበቀም፤ በትካዜው ውስጥ ሳለ ሠራ እንጂ። ደግሞም ያነሣሣው የራሱ ክብር ወይም ኀፍረት አልነበረም፤ በእርሱ መዘግየት ምክንያት እንጀራ ያጣ ሰው መኖሩን ማወቁ ነው። ይህ ነገር በሕይወቱ ደጋግሞ ስለሚታይ ልብ ልንለው ይገባል።

፫. መዝገበ ቃላቱና ዘዋሪው

በ1735 ኤልሳቤጥ ፖርተር የምትባል በእድሜ ሃያ ዓመት የምትበልጠውን መበለት አገባ። ትምህርት ቤት ከፍቶ ነበር፤ ነገር ግን ተማሪ ስላላገኘ ተዘጋ። በ1737 እንጀራውን በብዕሩ ሊፈልግ ወደ ሎንዶን ሄደ። በዚያም ብዙ ዓመት በጋዜጣ ጸሐፊነት በድኽነት ኖረ።

በ1746 የሎንዶን መጽሐፍ ሻጮች ተባብረው የእንግሊዝኛ ቋንቋ መዝገበ ቃላት እንዲያዘጋጅላቸው በ1,575 ፓውንድ ተዋዋሉት። ጆንሰን በሦስት ዓመት እፈጽመዋለሁ ብሎ አሰበ። የሠራበት መንገድ እንዲህ ነው። የታወቁትን ደራሲዎች መጻሕፍት እያነበበ፥ የሚፈልገውን ቃል በእርሳስ ያሰምርበታል፥ የመጀመሪያውንም ፊደል በኅዳጉ ላይ ይጽፋል። ስድስት ረዳቶች ቃሉ የሚገኝበትን ዓረፍተ ነገር በወረቀት ይገለብጣሉ። ከዚያ ጆንሰን የቃሉን ትርጕም ይጽፋል። ነገር ግን ሦስቱ ዓመት ሲፈጸም ሥራው ከእኩሌታው እንኳ አልደረሰም ነበር። የቃላቱ ትርጕም እርሱ ካሰበው ይልቅ እየበዛ ስለ ሄደ የመጀመሪያው ዕቅድ አልሠራ አለ፤ የተዘጋጀውንም ብዙ ጽሑፍ ትቶ ሥራውን በሌላ ሥርዐት መጀመር ግድ ሆነበት። መጽሐፍ ሻጮቹ ገንዘባቸውን ከፍለው ይጠብቁ ነበርና፥ ይህ ጊዜ ለማንም ጸሐፊ ተስፋ የሚያስቈርጥ ጊዜ ነበር።

በዚህ ጭንቅ ውስጥ ሳለ ጆንሰን አንድ እንግዳ ነገር አደረገ። ሸክሙን በመቀነስ ፈንታ ሌላ ትንሽ ሸክም ጨመረ። በማርች 20 ቀን 1750 ራምብለር፥ ማለት ዘዋሪው፥ የሚባል አጭር ጽሑፍ በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ ያወጣ ጀመር። ከመጀመሩም በፊት አንድ ጸሎት ጽፎ ጸለየ፤ የእግዚአብሔር ጸጋ ከዚህ ሥራ እንዳይለየው፥ ሥራውም ለእግዚአብሔር ክብርና ለራሱም ለሌሎችም መዳን እንዲጠቅም ለመነ። ሁለት ዓመት ሙሉ በያንዳንዱ ማክሰኞና ቅዳሜ ጽሑፉ ወጣ። ከ208ቱ ጽሑፎች ጥቂቶች ብቻ ሲቀሩ ሁሉን የጻፈ እርሱ ነው። ብዙውን ጊዜ የጻፈው በመጨረሻው ሰዓት፥ የማተሚያ ቤቱ ልጅ በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ነበር። ሆኖም ስለ ኀዘን፥ ስለ ቅንዓት፥ ስለ ንስሐ፥ ስለ ጊዜ ማባከን የጻፋቸው እነዚህ ጽሑፎች እስከ ዛሬ ይነበባሉ።

የታላቁ ሥራ ግንብ ሊገፋ በማይቻልበት ጊዜ የትንሹ ሥራ ቀን ጆንሰንን አዳነው። መዝገበ ቃላቱ ዛሬ ያልቃል የማይባል ነው፤ የማክሰኞው ጽሑፍ ግን ማክሰኞ ማለቅ አለበት።

በማርች 1752 ዘዋሪው በቆመ በጥቂት ቀን ውስጥ ሚስቱ ሞተች። ኀዘኑ እጅግ ከባድ ነበር፤ የሞተችበትንም ቀን በየዓመቱ በጸሎት ያስበው ነበር። በኀዘኑም ውስጥ ሳለ መዝገበ ቃላቱ እንደ ገና ይጠብቀው ነበር። በአፕሪል 3 ቀን 1753 የሁለተኛውን ጥራዝ ሥራ ሲጀምር፥ እስካሁን የረዳኸኝ አምላክ ሆይ ቀሪውንም እንድፈጽም እርዳኝ ሲል በመዝገቡ ጸሎቱን ጻፈ። በአፕሪል 15 ቀን 1755 ከ42,000 የሚበልጡ ቃላትና ከ110,000 የሚበልጡ የደራሲዎች ምስክር ያሉበት መዝገበ ቃላት በሁለት ትልልቅ ጥራዝ ታተመ። በሦስት ዓመት ያልቃል የተባለው ዘጠኝ ዓመት ያህል ፈጀ።

፬. ለእናት መቃብር የተጻፈ መጽሐፍ

ይህ ሁሉ ሥራ ጆንሰንን ባለጠጋ አላደረገውም። የመጽሐፍ ሻጮቹ ገንዘብ ሥራው ሳያልቅ አልቆ ነበርና፥ በ1756 ስለ ትንሽ ዕዳ ተይዞ ሳሙኤል ሪቻርድሰን የተባለ ደራሲ ገንዘብ ልኮ አስፈታው።

በጃንዋሪ 1759 እናቱ በሊችፊልድ በጽኑ መታመሟን ሰማ። ካያት ሃያ ዓመት ሊሆነው ጥቂት ቀርቶት ነበር። ያለውን ገንዘብ ላከላት፤ ነገር ግን ሄዶ ሳያያት ሞተች። የቀብሯን ወጪና የተወችውን ጥቂት ዕዳ መክፈል ነበረበት። ስለዚህ ባንድ ሳምንት ምሽቶች ውስጥ አንድ ታሪክ ጻፈ፤ የጻፈውንም መልሶ ሳያነብ እየከፋፈለ ወደ ማተሚያ ቤት ሰደደው። መጽሐፍ ሻጮቹ 100 ፓውንድ ሰጡት፥ ሁለተኛ ጊዜ ሲታተምም 25 ፓውንድ ጨመሩለት።

ይህ መጽሐፍ ራሴላስ ነው። ልዑል ራሴላስ ምንም ያልጐደለበትን የደስታ ሸለቆ ትቶ፥ ሰው ምን ዐይነት ኑሮ ቢመርጥ ደስ ይለዋል እያለ ዓለምን ሲመረምር ይናገራል። ጆንሰን ኢትዮጵያን አላየም፤ መጽሐፉም የአገራችን እውነተኛ ታሪክ አይደለም። ነገር ግን የልዑሉን አገር የመረጠው ከብዙ ዓመት በፊት ሲያነብና ሲተረጕም ካገኘው ነው። በ1735 የታተመው፥ በአልጋ ላይ ተጋድሞ በግድ የተናገረው ያ ትርጕም፥ ከ24 ዓመት በኋላ በኀዘኑ ሳምንት ስንቅ ሆነለት። ስለዚህ ደረቅ በሆነ ልብ የተሠራ ሥራ ከንቱ ነው የሚል ሰው ይሳሳታል። ዘሪው የዘራበትን ቀን ቢጠላውም ዘሩ መብቀሉን አይተውም።

፭. ስእለትና ውድቀት

እስካሁን የተናገርነው ድልን ነው፤ አሁን ደግሞ ሽንፈቱን እንናገር፤ ለደካማ አንባቢ ከድሉ ይልቅ ይህ ይጠቅመዋልና።

ጆንሰን በ1756 የሼክስፒርን ድርሰቶች አርሞና ተርጕሞ በ1757 መጨረሻ እንደሚያወጣ ለሕዝብ አስታወቀ። ብዙ ሰዎችም አስቀድመው ከፈሉ። ዓመቱ አለፈ፥ ሌላም ዓመት አለፈ፥ መጽሐፉ ግን አልወጣም። ገንዘቡም ጠፋ፥ የከፈሉት ሰዎች ስም የተጻፈበትም ወረቀት ጠፋ። በ1762 ቻርልስ ቸርችል የሚባል ባለ ቅኔ በሕዝብ ፊት አላገጠበት። በዚያው ዓመት ንጉሥ ጊዮርጊስ 3ኛ 300 ፓውንድ በየዓመቱ እንዲሰጠው አዘዘ። ወዳጆቹ ችግሩ ስለ ተቃለለ ከእንግዲህ በሰፊው ይጽፋል ብለው አሰቡ። ነገሩ ግን እንዲህ አልሆነም፤ ዕረፍት ባገኘ ጊዜ ብዕሩ ይልቁን ከበደ። የሼክስፒር መጽሐፍ የወጣው በ1765 በስምንት ጥራዝ ነው።

በእነዚህ ዓመታት የጸሎት መዝገቡ በስእለት ተሞላ። በዓመት መባቻ፥ በፋሲካ፥ በልደቱ ቀን፥ ሚስቱም በሞተችበት ቀን፥ ማልጄ እነሣለሁ፥ መጽሐፍ ቅዱስን አነባለሁ፥ ጊዜዬን አላባክንም እያለ ይጽፍ ነበር። በሚመጣው ዓመት ደግሞ ያንኑ ስእለት እንዳፈረሰው ይጽፋል፥ ያንኑም እንደ ገና ይሳላል። ብዙ ከተሰጠው ብዙ እንደሚፈለግበት የሚናገረው የሉቃስ ወንጌል ቃል ያስፈራው ነበር፤ መክሊቱን የቀበረው ባሪያ እኔ እሆን እያለ ይንቀጠቀጥ ነበር። በኪሱ ሰዓት ፊት ላይም ከዮሐንስ ወንጌል 9፥4 የሌሊቱን መምጣት የሚያሳስበውን ቃል በግሪክ ፊደል አስቀርጾ ነበር።

በ1775 በስቅለት ዓርብ ወደ ኋላ ተመልክቶ ያፈረሳቸውን ስእለቶች ሁሉ ቈጠረ። ይህን ያህል ጊዜ ከወደቅሁ ለምን ደግሜ እሞክራለሁ ብሎ ራሱን ጠየቀ። የሰጠውም መልስ፥ መታረም ግድ ስለ ሆነ፥ ተስፋ መቍረጥም በደል ስለ ሆነ ነው የሚል ነበር። ይህን መልስ በጻፈ ጊዜ ዕድሜው 65 ነበረ። አንባቢ ሆይ፥ የ65 ዓመት ሊቅ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ እንደ ገና ሲጀምር ተመልከት፤ አንተም ትናንት ወድቄአለሁ ብለህ ዛሬን አትተው።

በዚሁ ዘመን የነበረው የጭንቀቱ ጽናት በስእለት ብቻ የሚድን አልነበረም። በ1766 ሄንሪ ትሬልና ሚስቱ ሄስተር ጆንሰንን በታላቅ የነፍስ ጭንቀት ውስጥ አገኙት፤ ስትረተም ወደሚባለው ቤታቸውም ወስደው አስታመሙት። በዚያ ቤት ብዙ ዓመት እንደ ቤተ ሰብ ኖረ። በዘመናችን ሐኪሞች እንዲህ ያለው የትካዜ ደዌ እውነተኛ በሽታ እንደ ሆነና ሕክምና እንዳለው ያስተምራሉ። ስለዚህ እንቅልፍ፥ መብልና የመኖር ፈቃድ እስኪጠፋበት ድረስ የደረሰ ጸሐፊ፥ ብዕሩን ከመውቀሱ በፊት ወደ ሐኪምና ወደሚያስታምሙት ወዳጆች ይሂድ። ይህ የእምነት ጕድለት አይደለም።

፮. ለሌላው ሲሆን የማይነጥፍ ብዕር

በዚያው በ1766 ሮበርት ቼምበርስ የሚባል ወጣት ወዳጁ በኦክስፎርድ የሕግ መምህር ሆኖ ተሾመ። ከእርሱ በፊት በዚያ ወንበር የተቀመጠው ዊልያም ብላክስቶን ዝናው የታወቀ ስለ ነበረ፥ ቼምበርስ ፈራ፤ ለተማሪዎቹ የሚነግረውንም ትምህርት መጻፍ አቃተው። ጆንሰን ራሱ በጭንቀት ሳለ ወደ ኦክስፎርድ እየተመላለሰ እስከ 1770 ድረስ በስውር ረዳው። ነገሩ ተሰውሮ ቈይቶ በሰፊው የታወቀው ጆንሰን ከሞተ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ለራሱ ስም አንድ ገጽ መጻፍ የከበደው ሰው፥ ብዕሩ የነጠፈበትን ወንድሙን ለማንሣት ግን ጻፈ።

ለቀሳውስት ወዳጆቹ፥ ይልቁንም ለጆን ቴይለር፥ ብዙ ስብከት ጽፎ ሰጥቷል። በ1777 ዊልያም ዶድ የሚባል ቄስ ሐሰተኛ ሰነድ ጽፎ ሞት ተፈረደበት። ጆንሰን ከዚህ ሰው ጋራ እምብዛም አይተዋወቅም ነበር፤ ሆኖም ምሕረት የሚለምኑትን ደብዳቤዎች፥ ዶድም ለእስረኞች ወንድሞቹ የሰበከውን ስብከት ጻፈለት። ምሕረቱ አልተገኘም፥ ዶድም ተሰቀለ፤ ጆንሰን ግን ጽሑፉ የእርሱ እንደ ሆነ በአደባባይ አላወጀም።

በቤቱም እንዲሁ ነበረ። አና ዊልያምስ የምትባል ዕውር ሴት፥ ድኾችን የሚያክም ሮበርት ሌቨት፥ ሌሎችም ችግረኞች በእርሱ ጣራ ሥር ይኖሩ ነበር። በጃማይካ በባርነት የተወለደውን ፍራንሲስ ባርበርን አስተማረው፥ በሞተም ጊዜ ዋና ወራሹ አደረገው። እነዚህ ሰዎች እርስ በርሳቸው እየተጣሉ ሰላም ይነሡት ነበር። እርሱ ግን ለመጻፍ ጸጥታ ያስፈልገኛል ብሎ አላባረራቸውም።

፯. የመጨረሻው ዘመኑ

በ1777 መጽሐፍ ሻጮች መጥተው ለእንግሊዝ ባለ ቅኔዎች ሥራ አጫጭር መቅድም እንዲጽፍላቸው ለመኑት። ዕድሜው 67 ነበረ። አጭር የታሰበው ሥራ በእጁ እየሰፋ ሄዶ የ52 ባለ ቅኔዎች ታሪክ ሆነ፤ ከ1779 እስከ 1781 ታትሞ ወጣ። ሥራውን በፈጸመ ጊዜ በመዝገቡ ያለ መሸፋፈን አመነ፤ እንደ ልማዱ እየዘገየና እየቸኰለ፥ መሥራት እየጠላም በብርታት እየሠራ እንደ ጻፈው ገለጠ። ከሥራዎቹ ሁሉ የበለጠ ነው ብለው ብዙ ሊቃውንት የሚያመሰግኑት መጽሐፍ እንዲህ ሆኖ የተጻፈ ነው።

በጁን 1783 ሌሊት ላይ ድንገተኛ ደዌ መትቶት አንደበቱ ተዘጋ። ሰውነቱ ቢቀጣም አእምሮው እንዲተርፍለት እግዚአብሔርን ለመነ። ልመናውንም በላቲን ቋንቋ በግጥም አድርጎ በልቡ ሰደረ። ግጥሙ መልካም እንዳልሆነ በታወቀው ጊዜ፥ ክፉና በጎውን ለመለየት እንደሚችል አይቶ አእምሮው ደኅና መሆኑን ተረዳ። ሲነጋም ብዕር አንሥቶ፥ እጁ ፊደል እየሳተ፥ ለጐረቤቱ ደብዳቤ ጻፈ። የንግግሩም ኀይል ቀስ በቀስ ተመለሰለት።

በሚቀጥለው ዓመት በሽታው ጸና። ሞቱ እንደ ቀረበ ከሐኪሙ በተረዳ ጊዜ፥ ነፍሱን በንጹሕ አእምሮ ለአምላኩ ሊያስረክብ ስለ ወደደ የሚያደነዝዘውን መድኀኒት ተወ። በዲሴምበር 13 ቀን 1784 በ75 ዓመቱ ዐረፈ፤ በሎንዶን በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያንም ተቀበረ። ጸሎቶቹንና ስእለቶቹን ጆርጅ ስትራን ለተባለ ቄስ ሰጥቶት ነበርና፥ በ1785 ታተሙ። ውድቀቱን ሁሉ ዓለም ያወቀው በዚያን ጊዜ ነው። አንዳንዶች ይህ መጽሐፍ ክብሩን ይቀንሳል ብለው አዘኑ፤ ነገር ግን ስንት ደካማ ሰው በእርሱ እንደ ተጽናና ማን ሊቈጥር ይችላል?

ምክር

ወዳጄ ሆይ፥ ብዕርህ በነጠፈ ጊዜ እነዚህን አስብ።

አንደኛ፥ ጸልይ፤ ነገር ግን ጸሎትህ ብዕር ከማንሣት በፊት የሚሆን እንጂ በብዕር ፈንታ የሚሆን አይሁን። ጆንሰን ዘዋሪውን ሲጀምርና ወደ መዝገበ ቃላቱ ሲመለስ ጸለየ፤ ከጸሎቱም ተነሥቶ ጻፈ።

ሁለተኛ፥ ታላቁ ሥራ ሲያስፈራህ ለትንሹ ቀን ቍረጥለት። ባንድ ቀን አንድ ገጽ፥ እርሱም ቢበዛ እኩሌታው ይበቃል፤ ብቻ ቀኑ ሲደርስ የሚጠብቅህ ሰው ይኑር።

ሦስተኛ፥ ብቻህን አትታገል። ሄክተር የጆንሰን እጅ ሆነ፤ ጆንሰንም የቼምበርስ እጅ ሆነ። አንተ እየተናገርህ ወንድምህ ቢጽፍልህ ሥራው የአንተ መሆኑ አይቀርም።

አራተኛ፥ ከሁሉ ይልቅ፥ ለማን እንደምትጽፍ ጠይቅ። ስለ ራሳችን ስናስብ፥ መልካም ጸሐፊ ነኝ ወይስ አይደለሁም እያልን ስንመረምር፥ ብዕር እንደ ድንጋይ ይከብዳል። የጆንሰን ስእለቶች ስለ ራሱ ሲሆኑ ብዙዎቹ ፈረሱ። የተራበው የአታሚ ቤት፥ የእናቱ መቃብር፥ የፈራው ወጣት መምህር፥ ለሞት የታሰረው ኃጢአተኛ በፊቱ በቆሙ ጊዜ ግን እጁ ታዘዘ። ፍቅር ከኀፍረት ይልቅ ብርቱ ነው። ስለዚህ ወረቀትህን ዘርግተህ ስትቀመጥ ያችን ጽሑፍ የሚጠብቃትን አንድ ሰው በስሙ አስበው፤ ተማሪ ቢሆን፥ ኀዘንተኛ ቢሆን፥ ከእምነት የወጣ ወዳጅም ቢሆን፥ ለእርሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍለት። መልካም ባይሆንም ጻፈው፤ ማረም ነገ ይቻላል፥ ያልተጻፈውን ግን ማንም ሊያርመው አይችልም።

ለዘሪ ዘርን የሚሰጥ አምላክ ለሚጽፉም ሁሉ ቃልን፥ ለወደቁትም እንደ ገና የሚጀምሩበትን ጧት ይስጥ። አሜን።